ስም የሚጻፈው ገላ ላይ ነው

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። በእናቴ እምላለሁ፤ እናቴ ደግሞ አለች፣ ጆሮዋም ደህና ነው፣ በውሸት እንደማልኩባት ብትሰማ ምን እንደምታደርገኝ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ደረጃ ስለሚወጣው ዓሣ ያወራሁላችሁን ለጊዜው እርሱት። እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። በዚህኛው ውስጥ ሰው ሞቷል።

የሞቱት ጋሼ ናቸው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለን ሁሉ፣ ከምክትላቸው ጀምሮ እስከ እኔ እስከ ብልቃጥ አጣቢው ድረስ፣ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ያጠብኳቸውን ብልቃጦች በቅርጫት ይዤ ስገባ፣ ትልቁ ማቀዝቀዣ ፊት ለፊት በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጋውናቸው እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከከንፈራቸው ዳር ነጭ አረፋ ይወርዳል። ጠረጴዛው ላይ በፎይል የተጠቀለለ ጠርሙስ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ኩባያ ነበር።

መስኮቱ ሥር፣ ከረጅሙ ወንበር ላይ፣ ባለቤታቸው እትዬ ተቀምጠው ፎይል ያጥፋሉ። ቀና ብለው አዩኝና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በል። ደክሞት ጋደም ብሏል» አሉኝ።

ቅርጫቱ ከእጄ ወደቀ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ብልቃጥ ሰብሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አርባውንም ባንድ ጊዜ ሰበርኩ።

ቤተ ሙከራው ምን እንደሚሠራ አሁኑኑ ካልነገርኳችሁ ወደፊት እንጠፋፋለን። እኔና ትምህርት ስድስተኛ ክፍል በር ላይ ተሰነባብተናል፤ ይህን ግን ብልቃጥ ሳጥብ ጋሼ ራሳቸው አጠገቤ ቆመው ያስረዱኝ ነው። አንጎል እንደ ምድጃ ነው ይሉኝ ነበር። ሲሠራ ያቃጥላል፣ ሲያቃጥል ፍንጣሪ ይረጫል። ሰው ወጣት ሳለ ፍንጣሪውን የሚያጠፋለት አለው፤ ሲያረጅ አጥፊው ይቀንስበታል፣ ፍንጣሪውም ሴሎቹን ይለበልባቸዋል። ከአጥፊዎቹ አንዱ ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ነው። አንጎል ውስጥ ያለች አተር የምታህል እጢ፣ ሲጨልም ታመነጨዋለች። የሴቶች ሆርሞንም እንዲሁ ሳይረዳ አይቀርም ይባላል። ታዲያ በመርሳት በሽታ፣ በአልዛይመር፣ የሚያልቁትን ሴሎች እነዚህ ሆርሞኖች ሊጠብቋቸው ይችሉ ይሆን? ጋሼ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህች ጥያቄ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የአንጎል ሴሎችን በሳህን ያሳድጋሉ። ለግማሾቹ ሆርሞኑን ይሰጧቸዋል፣ ለግማሾቹ አይሰጧቸውም። ከዚያ ሁሉንም በፐርኦክሳይድ ይለበልቧቸዋል። ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚያወጣው ነው፤ ያኛው ግን ውሃ የበዛበት ነው፣ የኛው ያልተበረዘው ነው። በማግስቱ በሕይወት የተረፈው ይቆጠራል። ሆርሞን ያገኙት ብዙ ይተርፋሉ። ጋሼ ግን ደስ ሲላቸው እንኳ ጣታቸውን ይቀስሩ ነበር። «በሳህን ላይ ነው። በሰው ላይ ገና አናውቅም።»

ሆርሞኑን «ጠባቂ»፣ ፐርኦክሳይዱን «አጥቂ» እንላቸዋለን። ሁለቱንም ብርሃን ያበላሻቸዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ተደርገው በፎይል ይጠቀለላሉ። ጠባቂ ከላይኛው መደርደሪያ፣ አጥቂ ከታችኛው። ይህን ሥርዓት ያወጡት እትዬ ናቸው። በሽታው ሳይይዛቸው በፊት ቤተ ሙከራውን ሠላሳ ዓመት አስተዳድረዋል። ሕጋቸው የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ «ፎይል ልብስ ነው። ስም የሚጻፈው ገላ ላይ ነው።» መጀመሪያ መስታወቱ ላይ በሰም እርሳስ ትጽፋለህ፣ ከዚያ ትጠቀልላለህ፣ ከዚያ ፎይሉ ላይ ትደግመዋለህ።

ዛሬ የልጃቸውን ስም የሚረሱት እትዬ፣ ይህን ብቻ እጃቸው አልረሳም። ጋሼ በየቀኑ ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ ፎይልና ጠርሙስ ሲሰጧቸው ቀኑን ሙሉ ረጋ ብለው ይጠቀልላሉ።

መርማሪዋ በዚያው ከሰዓት ደረሰች። «መርፌ» ነው የሚሏት። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚል አለ። እኔ እንደሰማሁት የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፣ ደግሞም አንዴ ከገባች ክር ሳታስከትል አትወጣም። መጀመሪያ የጠራችው እኔን ነው።

«ውሸቴ የሚሉህ አንተን ነው?»

«ስሜ ነው እንጂ ግብሬ አይደለም።»

«እናያለን። ባልና ሚስቱ ሁልጊዜ አብረው ነበር የሚመጡት?»

ሁልጊዜ፣ አልኳት። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እትዬ ግማሽ እርምጃ ቀድመው፣ ልክ እንደ ሙሽሮች። ሚስት ባገባ እንዲህ አስጎትቼ አልሄድም እያልኩ እቀልድ እንደነበርም ጨመርኩላት። አልሳቀችም። ጻፈችው።

በማግስቱ የጠርሙሱ ውጤት መጣ። ፎይሉ ላይ «ጠባቂ» ይላል፤ ውስጡ ያለው አጥቂ ነው። ሐኪሙ እንዳለው ፈሳሹ ሆዳቸው ውስጥ ገብቶ አየር ሆነ፣ አየሩም ደማቸው ውስጥ ገባ። ጥያቄው አንድ ብቻ ቀረ፤ አጥቂን የጠባቂ ልብስ ያለበሰው ማነው?

መርፌ ምክትሏን ቢሮዋ ውስጥ አነጋገረቻት። ምክትሏ ጥንቁቅ ሴት ናት፤ እርሳሶቿ እንኳ በቁመት ነው የሚሰለፉት። ጋሼ ጡረታ እንዲወጡ ለበላይ ደብዳቤ መጻፏን ሳትጠየቅ ተናገረች። ምክንያቷን ስትጠየቅ ከመሳቢያዋ ሁለት ሠንጠረዥ አወጣች። የሁለት የተለያየ ሳምንት ቆጠራ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ናቸው።

«ወንበራቸውን ፈልጋ ነው ይሉኛል» አለች። «ፈልጌያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሞተው አልነበረም። ቆመን አጨብጭበን እንድንሸኛቸው ነበር።»

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤተ ሙከራው ስልክ ሲጮኽ በግድግዳው ሰምታለች፤ ሌላ ምንም አልሰማችም።

ቀጥሎ ቆጣሪው ተጠራ። በማይክሮስኮፕ ሥር የተረፉትን ሴሎች የሚቆጥረው እሱ ነው፤ ረጅም፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ፣ በየበሩ ግንባሩን የሚገጭ። ሠንጠረዡን ስታሳየው የኔ ስህተት ነው አለ። ጋሼ ያውቁ ነበር ወይ ስትለው የኔ ስህተት ነው አለ። እሑድ እሑድ እዚህ ምን ትሠራለህ ስትለው ጫማውን እያየ ያንኑ ደገመ።

ከሄደ በኋላ መርፌ ወለል እየጠረግሁ የምሰማውን እኔን እያየች «ሰው የራሱን ስህተት እንዲህ አይወደውም» አለች።

ሐሙስ ጠዋት የጋሼ ቤት ሄደች። እኔም የእትዬን ሹራብ ላደርስ በሚል ሰበብ ተከተልኳት፤ ሰበብ ባይኖረኝም እሄድ ነበር። በር የከፈተችልን አንድያ ልጃቸው ናት፤ ፋርማሲስት ናት፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ቤቱ ውስጥ የሌለ ወረቀት የለም። ከምድጃው በላይ፣ በሩ ላይ፣ መስተዋቱ አናት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ በጋሼ እጅ የተጻፉ ቁራጮች ተለጥፈዋል። የቁልፍ ቦታ። የምድጃ ማጥፊያ። የመንገድ ስም።

«አባዬ ለእማዬ የለጠፈላት ነው» አለች ልጃቸው።

መርፌ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበበቻቸው። እያንዳንዱን ለማንበብ በእግር ጣቷ ትቆም ነበር።

እትዬ ከመኝታ ቤት ብቅ አሉ። ፀጉራቸውን ልጃቸው ጎንጉናላቸዋለች። ግራ ቀኙን አዩና «እሱ የት አለ?» አሉ።

ልጃቸው ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። «እማዬ፣ አባዬ ሞቷል። ማክሰኞ ነው የሞተው።»

ሰው ያን ወሬ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ። እትዬ እንደዚያ ሆኑ። ወንበሩን ይዘው ቁጭ አሉ፣ አለቀሱ፣ ልጃቸውም አብራ አለቀሰች። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ዓይናቸውን ጠረጉና እንግዶቹ ሻይ ጠጡ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ቀጥለው ዞር ብለው «እሱ የት አለ?» አሉ። ልጃቸውም እንደገና ነገረቻቸው። እንደገና የመጀመሪያቸው ሆነ።

«ለምን ትነግሪያቸዋለሽ?» አለቻት መርፌ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በዚህ ቤት ውሸት ተነግሮ አያውቅም። አባዬ ሳህን ላይ ያላየውን ጽፎ አያውቅም። እኔ ለገዛ እናቴ ያልሆነውን እንዴት እላታለሁ?»

መርፌ ከእትዬ ጎን ተቀመጠች። ያሳደጋቸው ማን እንደነበረ ጠየቀቻቸው። እትዬ ቅንድባቸውን በጣታቸው እያሹ «ቆይ... ቆይ... ጠፋኝ» አሉ። ጠዋት ምን እንደበሉ ጠየቀቻቸው፤ አሁንም ቅንድባቸውን አሹ፣ ፈለጉ፣ አጡ። ማክሰኞ ቤተ ሙከራው ውስጥ ምን እንዳዩ ስትጠይቃቸው ግን ጥያቄው ሳያልቅ መለሱ።

«ምንም አላየሁም።»

ከዚያ በኋላ ነው መርፌ ጠርሙሱን ያወጣችው። በማስረጃ ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ፣ ፎይሉ እንደለበሰ ነው። ስፌቱ፣ የፎይሉ ጠርዝ ማለቴ ነው፣ እንደ ቀሚስ ጫፍ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በአውራ ጣት ተጨፍልቋል። ልጃቸው አየችው። ጠርሙሱን አየች፣ እናቷን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች።

የተናገረችውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አባቷ ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ ሆርሞን እየቀዱ ለእናቷ እንደሚሰጡ ታውቅ ነበር። ይህ መድኃኒት አይደለም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ በሰው ላይ አልተረጋገጠም ብላ ሰኞ ተጣልታቸዋለች። ማክሰኞ ቀትር ላይ ገብታ፣ ተናድዳ፣ ሁለቱን ጠርሙሶች ቀያየረቻቸው። አለቀ።

መርፌ ከጠረጴዛው ላይ ባዶ ጠርሙስና ፎይል ሰጠቻት። «እንዴት እንደጠቀለልሽው አሳዪኝ።» ልጃቸው ፎይሉን እንደ መሐረብ ጨምድዳ አለበሰችው። መርፌ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የመርፌ አለቃ ግን የተፈረመ ቃል ካገኘ ሌላ የማይፈልግ ሰው ነው፤ በዚያው ቀን ልጃቸው ታሰረች።

እኛ ሁላችን፣ ልንገራችሁ፣ ነገሩን የጨረስነው በልባችን ነበር። ያን እጥፋት የማያውቅ የለም፤ የእትዬ እጅ ነው። ልጃቸው እናቷን እያዳነች ነው። እትዬ እንዳደረጉት ከታወቀ፣ በሩ ከውጭ ወደሚቆለፈው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ይወስዷቸዋል፤ እዚያ የገባ ደግሞ ወደ ቤቱ አይመለስም። ምክትሏ እትዬን ለጊዜው ቤቷ ወሰደቻቸው። ጡረታ ይውጡ ያለችው ያቺው ሴት ናት ፀጉራቸውን ጠዋት ጠዋት የጎነጎነችላቸው። አለቃው ለመርፌ የሰጣት እስከ ዓርብ ማታ ነው። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ዓርብ ከሰዓት ሁላችንንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበችን። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ምክትሏ ቆማለች። ቆጣሪው መብራቱን እንዳይገጨው ጎንበስ ብሏል። ልጃቸው በካቴና ሆና ከፖሊስ ጋር ገባች። እትዬ ከወንበራቸው ላይ ናቸው። አለቃውም ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ተደግፏል።

መርፌ ለእትዬ ባዶ ጠርሙስ፣ የሰም እርሳስና ፎይል ሰጠቻቸው። «እትዬ፣ ይቺን ጠባቂ ያድርጉልኝ።»

እትዬ አልጠየቁም። መስታወቱ ላይ ጻፉ። ፎይሉን አለበሱ፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጠፉ፣ በአውራ ጣታቸው ጨፈለቁ፣ ገልብጠው ታቹን በመዳፋቸው ጠበቅ አደረጉ፣ ከላይ ደግመው ጻፉ። እጥፋቱ ከላስቲኩ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው።

«እኔ ነኝ ብያለሁ» አለች ልጃቸው።

«ተቀመጪ፣ እህቴ። እናትሽን እኔ ከማልጠረጥራቸው ነገር ልታድኛቸው ነው የምትለፊው።» መርፌ ላስቲኩን ቀደደች። «ሁላችሁም ይህን እጥፋት አይታችሁ ደነገጣችሁ፤ ስለደነገጣችሁ ልብሱን ገልጦ ገላውን ያየ የለም። ሕጉን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አይደል?»

ፎይሉን ሳትቀድድ፣ እንደ ካልሲ ስባ አወለቀችው። መስታወቱ ላይ በእትዬ እጅ «አጥቂ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ከማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ሌላ ጠርሙስ አወጣች። ልብሱ «አጥቂ» ይላል። አወለቀችው። ገላው «ጠባቂ» ይላል።

«ተሳስተው ሁለቱንም ያለቦታቸው አልብሰዋቸው ይሆናላ» አለ አለቃው።

«እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንን ነው። ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ልብስ ለማን እንደተሰፋ ያሳብቃል።» ጠርሙሱን ገለበጠችው። ታቹ ላይ ፋብሪካው ያወጣው ጎላ ያለ ቁጥር አለ፤ አራት ነው። የለበሰውን ፎይል ገለበጠችው። እትዬ በመዳፋቸው ጠበቅ ሲያደርጉት የታተመው ቁጥር ሰባት ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ ሰባት፤ ፎይሉ አራት።

«እትዬ ሁለቱንም በትክክል ጽፈው፣ በትክክል አልብሰዋቸዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሁለቱንም አውልቆ፣ ልብሳቸውን አለዋውጦ አለበሳቸው።»

የካቴናው ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማሁ። ልጃቸው ወደ እናቷ አንድ እርምጃ ተራምዳለች።

መርፌ ቀጠለች። መግደል የፈለገ ሰው ፈሳሹን ካንዱ ወደ አንዱ ይገለብጣል እንጂ በጠራራ ፀሐይ፣ እትዬ እያዩት፣ ጠርሙስ ሲያወልቅና ሲያለብስ አይቆምም። ጠርሙስ የሚገለጠው ስሙን ለማንበብ ነው። ገላ ላይ ያለውን ስም የሚፈልገው ደግሞ፣ ከላይ የተቀመጠው ጠባቂ መሆኑን ያላመነ ሰው ነው። ይህን ካለች በኋላ ከጋሼ ጋውን ኪስ የተገኙትን አሥራ አንድ ቁራጭ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አንዱ «ላይኛው? ታችኛው? ገላውን ማየት» ይላል። አንዱ የልጃቸው ስልክ ቁጥር ነው። አንዱን አንሥታ ለቆጣሪው ሰጠችው።

«ረጅሙ ልጅ፣ ቆጣሪ፣ ደግ» ይላል።

ቆጣሪው ወረቀቱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ቤታቸው ያሉት ወረቀቶች» አለች መርፌ፣ «በሙሉ ከኔ ግንባር በላይ ናቸው። እትዬ እስከ ትከሻዬ ነው የሚደርሱት። ለሚስቱ የሚጽፍ ሰው ሚስቱ በማታይበት አይለጥፍም። ውሸቴ ደግሞ እውነት ተናግሮ ሳያውቀው ቀርቷል፤ እትዬ ግማሽ እርምጃ ይቀድሙ ነበር ብሎኛል። የሚመራው ማን ነበር? እሳቸው ሰው ይጠፋቸዋል፣ መንገድ ግን እግራቸው ያውቃል። ጋሼ መንገዱ ጠፍቷቸዋል። ያንኑ ሠንጠረዥስ ለሁለት ሳምንት ደግሞ የጻፈው ማነው?»

«እኔ...» አለ ቆጣሪው፤ አልጨረሰውም። እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «ስምንት ወር ሆነው። ስሜን የረሱ ቀን ነው የጀመርኩት። እሑድ እሑድ እየመጣሁ የሳቸውን ቆጠራ እንደገና እቆጥር ነበር። አንዱን ሳምንት አልደረስኩበትም።»

ምክትሏ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ኩባያውም አንድ ነው» አለች መርፌ፣ ልጃቸውን እያየች። «ጠባቂውን የሚወስዱት ለራሳቸው ነበር። በሳህን ላይ ብቻ ነው እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩትን። ሰው ሲጨንቀው...» እሷም አልጨረሰችውም።

አለቃው ከተደገፈበት በር ቀና አለ። ወረቀት ነው፣ ግምት ነው፣ የተፈረመ ቃል ግን በእጄ አለ፤ ያየ ምስክር አምጪልኝ አለ።

«ያየ አለ» አለች። «እትዬ የረሱትን ስጠይቃቸው ቅንድባቸውን ያሻሉ፣ ይፈልጋሉ። ስለ ማክሰኞ ስጠይቃቸው ግን አልፈለጉም። የረሳ ሰው ይፈልጋል።»

ሄዳ ከወንበራቸው ፊት ተንበረከከች። ያን ጊዜ ነው መርፌ ሰው መሆኗን ያወቅሁት፤ ድምፅዋ ተቀይሯል።

«እትዬ፣ እንዳይናገሩ ቃል የገቡት ለማን ነው?»

እትዬ ፎይሉን ማጠፍ አቆሙ። ምክትሏን በጥርጣሬ አዩ። «ለሱ ነዋ። እንደሚረሳ ካወቁ ቤተ ሙከራውን ይወስዱበታል።»

«ከእንግዲህ ማንም አይወስድባቸውም። እሳቸው ሞተዋል፣ እትዬ። ቃልዎን እስከ መጨረሻው ጠብቀውላቸዋል። አሁን ግን ልጅዎ ልትታሰር ነው። እጇን ይዩት።»

እትዬ አዩ። ከልጃቸው ፊት ወደ ካቴናው፣ ከካቴናው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ከማቀዝቀዣው ወደ ወለሉ፤ ጋሼ ተዘርግተው የነበሩበት ቦታ ላይ ዓይናቸው ቆመ። ሲናገሩ በዚያ ሠላሳ ዓመት ባስተዳደሩበት ድምፅ ነው።

«ልብሳቸውን አወለቀ። ገላቸውን አነበበ። ደህና አድርጎ ነበር። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። አናግሮ ሲመለስ ሁለቱን ልብስ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፣ የማን የማን እንደሆነ ጠፋው። አለበሳቸው። እኔ አየሁት። አጉል አለበስከው ልለው ነበር።» ፎይሉ እጃቸው ላይ ተንኮሻኮሸ። «ግን የምረሳው እኔ ነኝ። እሱ ከኔ ይሻላል። የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

«የደወልኩት እኔ ነበርኩ» አለች ልጃቸው። «ስለ ሰኞው ይቅርታ ልለው።»

ፖሊሱ አለቃውን እንኳ ሳይጠይቅ ካቴናውን ፈታ። ልጃቸው ሄዳ ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች፣ እትዬም ፀጉሯን እንደ ልጅነቷ ያሻሹት ጀመር። መርፌ መዝገቡ ላይ «በራሱ እጅ፣ ሳያውቅ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየችንና አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሁላችሁም አንዳንድ ቁራጩን ታውቁ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን አብራችሁ አልተቀመጣችሁም? ጋሼን ከማፈር ልናድናቸው ነበር። አዳንናቸውም፤ ሳያፍሩ ሞቱ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዳለፈ እትዬ ዓይናቸውን ጠረጉ። ግራ ቀኙን አዩ። «እሱ የት አለ?» አሉ። ያቺ ለእናቷ ዋሽታ የማታውቅ ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ፎይል ሊገዛ ወጣ ብሏል፣ እማዬ» አለቻቸው። እትዬ ሳቁ። «ደግሞ ያን የሚቀደደውን ቀጭኑን ይዞ እንዳይመጣ» አሉ፤ እኛም እንባችንን እየዋጥን አብረን ሳቅን።

በእናቴ ስለማልኩ አንዲት ነገር ማቃናት አለብኝ። ከላይ ካወራሁት ሁሉ የፈጠርኩት ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። አርባው ብልቃጥ እንኳ እውነት ነው። እትዬ ግን አልጠየቁም። ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ ይኸው ስንት ወር፣ «እሱ የት አለ?» ብለው አያውቁም። የኔን ስም ረስተዋል፣ የምክትሏን ረስተዋል፣ ልጃቸውን አንዳንዴ «የኔ እህት» ይሏታል። ይህችን አንዷን፣ የጋሼን ሞት፣ ብቻ አልረሷትም።

ልጃቸው በዚያ ሰሞን እቃ ማጠቢያው ድረስ መጥታ፣ «አንድ ጥሩ ውሸት ስጠኝ» ብላኝ ነበር። የፎይሏን ሰጠኋት። ዛሬም በቃሏ ይዛት፣ ጠዋት ጠዋት የእናቷን ፀጉር እየጎነጎነች፣ እስኪጠይቋት ትጠብቃለች።